የልቃቂቱ ውል

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፥ ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፥ ቀድሞ የእህል ጎተራ የነበረ አንድ ባለ ፎቅ ቤት ለመዝገበ ቃላት ሥራ ተለቅቆ ነበር። ከታች ባዶ በርሜልና የተሰበረ ሚዛን ይታያል፤ ከላይ፥ በተራመዱበት ቁጥር በሚያቃስተው ሰፊ ክፍል ውስጥ፥ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የእንጨት ሣጥኖች አሉ፤ በሣጥኖቹም ውስጥ የእንግሊዞች ቃላት፥ እያንዳንዱ በየቁራጭ ወረቀቱ ተጽፎ፥ ተራውን ይጠብቃል። ዘመኑ እንዲያ ሆኖ ነበርና፤ የመኪናው መመሪያ፥ የመርከቡ ጭነት ደብዳቤ፥ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ሁሉ በዚያ ቋንቋ ይመጣ ስለ ጀመረ፥ ቋንቋውን ከነሥሩ የሚፈታ መጽሐፍ ይታተም ተብሎ ከበላይ ታዝዟል። ትእዛዙ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ሥራውም ገና ሦስተኛው ፊደል ላይ ነው።

ሲጀመር ሰባት ጸሐፍት ነበሩ። ሦስቱን ከጦርነቱ ማግሥት የመጣው የጉንፋን ወረርሽኝ በአንድ ወር ውስጥ ወሰዳቸው፤ ሁለቱ ፈርተው ወደየትውልድ መንደራቸው ገቡና በዚያው ቀሩ። የተረፉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቃላትን ከቆዩ መጻሕፍት እየለቀመ የሚያመጣ፥ ምላሱ የማያርፍ፥ የሥራው አለቃ የሆኑት ሹሙ ሳይቀሩ «አፈ ጮሌው» የሚሉት ሰው ነው። ሁለተኛው አራሚው ነው።

አራሚው ወደ አምሳ ዓመት የሚጠጋ፥ ቀጭን፥ ኮሌታው ምንጊዜም የተተኮሰ ሰው ነበር። ሥራው ሌላው የጻፈውን መመርመር፥ የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ጫፍ ፍቆ ማንሣትና በቦታው ትክክለኛውን መጻፍ ነው፤ የታረመውን ካልታረመው ዓይን እንዳይለየው አድርጎ በመሥራቱም የተመሰገነ ነበር። ሚስት የለው፥ ልጅ የለው። ምሳውን በመስኮቱ ጥግ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ይበላል፤ ማታ ወደ ተከራያት ክፍል ሲገባ የሚያናግረው ቢኖር የበሩ ማጠፊያ ነው። ስለ ዘመዶቹ የሚጠይቀው ሲኖር፥ «አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ» ብሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንዲሉ፥ ነገሩ ሐሰት አልነበረም፤ አባቱ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ነገር ግን የሚሸጡት ራሳቸው የሸመኑትን ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የሸማኔ ልጅ መባል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ለሚሻ ሰው በር የሚዘጋ ስም ነበር፤ እሱም ሲቀጠር «የነጋዴ ልጅ» ብሎ በፊርማው አረጋግጧል።

ክቡር ሹሙ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን በትልቁ አስጽፈው ከመቀመጫቸው በላይ ሰቅለውታል። ሥሩ ያልታወቀ ቃል መዝገቡ ውስጥ አይገባም። ክፋቱ፥ የእንግሊዝኛን ሥር ይነግራሉ ተብለው ከባሕር ማዶ የታዘዙት መጻሕፍት በጦርነቱ ጊዜ ከነመርከባቸው ሰጥመዋል። ስለዚህ ከየአሮጌው መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር እየለቀሙ፥ እንደ ዳኛ ምስክር እየሰሙ ነበር ሥሩን የሚፈልጉት፤ በየቃሉ ግርጌም «ምስክር» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ ነገሩን ያስረዳው መጽሐፍ ወይም ሰው በዚያች ላይ ይጻፋል።

የሦስተኛው ፊደል ወረቀት ዓርብ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ፥ ሰኞ ጠዋት አፈ ጮሌው «ክሉ» የሚል ቃል ይዞ መጣ። እንግሊዞች በየቀኑ የሚናገሩት ቃል ነው፤ ሌባ ጥሎት የሄደው አዝራር፥ እንቆቅልሽ ለሚፈታ ሰው የምትሰጥ ፍንጭ፥ ሁሉም ክሉ ይባላል። ትርጉሙ ማንንም አላስቸገረም። ያስቸገረው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከተጻፈ መጽሐፍ የተገኘው ምስክሩ ነበር።

አፈ ጮሌው ብድግ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የገዛ ትርጉሙንም በአዋጅ ድምፅ አነበበ፦

«አሮጊቷ ፍንጯን ጠቅልላ ጭኗ ላይ አኖረች፤ ፍንጯም ወድቆ ከአልጋ ሥር ተንከባለለ።»

ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«ክቡር ሆይ» አለ አፈ ጮሌው፤ «ይቺ ሴትዮ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ሳትሆን አትቀርም!»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፍንጭ ሲንከባለል አይቼ አላውቅም» አሉ ሹሙ። «እስከ ዓርብ ሥሩ ካልተገኘ ይቅር። ቀጥል።»

አራሚው አልሳቀም። ምላጩ በጣቶቹ መካከል ቆሟል። አሮጊት የምትጠቀልለው፥ ጭኗ ላይ የምታኖረው፥ ሲወድቅም ከአልጋ ሥር የሚንከባለለው ነገር ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በልጅነቱ ስንት ጊዜ በሆዱ ተስቦ አውጥቶታል፤ አቧራውን እፍ ብሎ፥ ክሩ እንዳይበጠስ እየተጠነቀቀ፥ ለእኅቱ አቀብሏል። ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አንድ ቃል ቢቀር የሚያለቅስ የለም። ነገር ግን ዕድሜውን ስሕተት ሲያርም የኖረ ሰው ስሕተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ክቡር ሆይ፥ ልቃቂት ይሆናል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ልቃቂት፤ የተፈተለ ክር ጥቅል። ቃሉ ጥንት የዚያ ስም ሳይሆን አይቀርም።»

«የጨርቅ ነጋዴ ልጅ መሆንህ ዛሬ በጀን!» አሉ ሹሙ ተደስተው። ወዲያው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ልቃቂትና ፍንጭን ታዲያ ምን አገናኛቸው? ከክር ጥቅል ተነሥቶ ሌባ ፍለጋ እንዴት ይገባል? ይህን የሚያስረዳ ምስክር አምጣ፤ ካመጣህ ቃሉ ይገባል።»

ምስክሯን ያውቃታል። ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት፥ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባታቸውም ብዙ አልቆዩም። ከዚያ ወዲያ ቀን ከቀን እየፈተለች፥ ሊያገባት የመጣውንም ሁሉ «ወንድሜን ለማን ጥዬ?» እያለች እየመለሰች፥ ከፊደል እስከ እንግሊዝኛ አደረሰችው። እሱ እዚህ ወንበር ባገኘ በሦስተኛው ሳምንት፥ በገዛ እጇ ፈትላ ያሸመነችውን የአንገት ልብስ በጨርቅ ቋጥራ፥ ደረጃውን ወጥታ መጣች። አፈ ጮሌው፥ «ማን ናት?» ሲል ጠየቀ። አራሚውም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፥ «አንዲት ፈታይ ናት፤ ዕቃ ልታደርስ ነው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷ ሰማች። ጥቅሉን በደጃፉ ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ ለሱ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ እጅ ነሥታ ወረደች። በመጀመሪያ ዛሬ ነገ ሲል፥ ኋላም በምን ፊቴ ሲል፥ ደጇን ሳይረግጥ አሥራ አንድ ዓመት ተቆለለበት። የአንገት ልብሱን ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ያደርገዋል።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። የብረት ድልድዩን ተሻግሮ፥ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹን ጩኸት አልፎ፥ የቦዩ ውኃ አንድ ቀን ሰማያዊ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ወደሚወርድበት ወደ ጨርቅ ነካሪዎች ሰፈር ገባ። በሩ እንደ ድሮው ገርበብ ብሏል። እኅቱ ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታ ትፈትላለች፤ ዓይኗ ላይ ሞራ ስለ ወጣበት ብርሃኑ አያስፈልጋትም፤ ጣቶቿ ግን ጥጡን እንደ ቀድሞው በልኩ ይለቅቃሉ።

«እንደምን ዋልሽ፥ እትዬ» አለ።

እንዝርቱ አልቆመም። «ደኅና፥ እግዜር ይመስገን። ይግቡ እንጂ። ክቡር አራሚ፥ አንዲት ፈታይ ዘንድ ምን እግር ጣለዎ?»

እርስዎ አለችው። አፍንጫውን ስትጠርግለት የኖረች እኅቱ እርስዎ ስትለው፥ ብትመታው በተሻለው ነበር። ያዘጋጀው ይቅርታ ሁሉ ጠፋበትና፥ በሩ ላይ እንደቆመ ስለ ቃሉ ይነግራት ጀመር፤ ስለ ሹሙ ደንብ፥ ስለ ዓርብ፥ ፍንጯን ጠቅልላ ጭኗ ላይ ስላኖረችው አሮጊት። እዚህ ላይ ሲደርስ እኅቱ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቁን ለማቆም ብትሞክር እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ።

«ፍንጭ ስትጠቀልል! እናንተ የመንግሥት ሰዎች በዚህ ነው ውላችሁ የምትገቡት?»

«ልቃቂት መሆኑንስ ዐውቄዋለሁ፤ ከልቃቂት ወደ ፍንጭ የሄደበትን ነው ያጣሁት።»

«ነገር ሲወሳሰብባችሁ እናንተ ባለ መጽሐፎቹ ምን ትላላችሁ?»

«ውሉ ጠፋብኝ እንላለን።»

«ውል ከየት የመጣ መሰለዎ?» እጇን ወደ ቅርጫቱ ሰድዳ ልቃቂት አነሣች፤ በጣቷ ዳብሳ የክሩን ጫፍ አገኘችና እጁን ፈልጋ አስያዘችው። «ይኸው ውል። የኛ ቃል ነው፤ የፈታዮች። ከኛ ተውሳችሁ ወስዳችሁ ችሎት አስቀመጣችሁት፤ ባለቤቱንም ረሳችሁት።» የወደቀውን እንዝርት ዳብሳ አነሣች። «የአባባ ምድር ቤት ትዝ ይልሃል?»

ይልሃል አለችው።

«ጨለማውን ትፈራ ነበር» አለች እኅቱ። «ማግ አምጣ ተብለህ ስትላክ በዚያ ሁሉ ኮተት መካከል ትጠፋና ታለቅሳለህ። ምን አደረግሁልህ?»

«የክሩን ጫፍ በሩ ላይ አሰርሽልኝ፤ ልቃቂቱን አስያዝሽኝ።»

«እየተረተርክ ትገባለህ፤ ማጉን ይዘህ ክሩን እየተከተልክ ትወጣለህ። ታዲያ ይህን እኔ ብቻ ያሰብኩት ይመስልሃል? ጨለማ የሌለበት አገር የለ፥ ልቃቂት የሌለበት አገር የለ። እንግሊዞቹም መጀመሪያ መንገድ የሚያወጣቸውን ክር ልቃቂት አሉ፤ ኋላ ክሩን ረሱና መንገድ የሚያወጣውን ነገር ሁሉ ልቃቂት አሉዋ! ለዚህ ነው ሦስት ሰው ወንበር ላይ ያስቀመጡት?»

አራሚው በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም በመካከል ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን በአንገት ልብሱ ሸፈነ። እኅቱ ልብሱን በጣቷ ነካችው። ሊሄድ ሲነሣ ግን ያዘችው።

«ይህን ማን ነገረህ ቢሉህስ?»

«ምስክር የምትል መስመር አለች። እዚያ ላይ እኅቴ ብዬ እጽፋለሁ።»

«ውል?»

«ውል» አለ፥ የክሩን ጫፍ ገና አልለቀቀም ነበር።

«ደኅና ግባ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ነገሩን ለሹሙ አስረዳ። ሹሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ክፍሉን ዞሩት፤ «ጨለማ የሌለበት አገር የለ፥ ልቃቂት የሌለበት አገር የለ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከማተሚያ ቤት የመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አራሚው ወረቀቱን አቃንቶ ሁሉን ጻፈ፤ ግርጌ ደረሰ፤ «ምስክር» ከምትለው ቃል ፊት ብዕሩን አሳረፈ።

አፈ ጮሌው በትከሻው ላይ ተንጠራራ። «ፍንጭ የምትጠቀልለዋን አሮጊት በአካል አገኛት በሉኛ! ማን ናት?»

ያው ጥያቄ ነበር፤ በዚያው አፍ። እኅቴ ቢል፥ የነጋዴ ልጅ ፈታይ ሆና የምትኖረው ለምንድን ነው ይባላል፤ ከዚያም የቅጥሩ ወረቀት ይወጣል፤ ፊርማው ይታያል። አሥራ አንድ ዓመት የደበቀውን ነገር ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር፤ ትንፋሹም ነበረው።

«አንዲት ፈታይ ናት» አለ፤ እንዳለውም ጻፈ።

«መልካም» አሉ ሹሙ። ወረቀቱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እኅቱ ዘንድ ይሄድ ጀመር። ከገበያ ጥጥ ያመጣላታል፤ ጋዜጣ ያነብላታል፤ እሷም እንደ ልጅነቱ ትቀልድበታለች። በሕይወቱ ከሰው ጋር እንደዚያ ሁለት ዓመት ተቀራርቦ አያውቅም፤ ቢሆንም ሲወጣ ሁልጊዜ «መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣው?» ስለምትለው፥ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። እውነቱን የሚነግርበት እሑድ መቶ ያህል አገኘ፤ መቶውንም አሳለፈ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አምስት፥ በሰኔ ወር፥ የመዝገቡ የመጀመሪያው ጥራዝ በስድስት መቶ ቅጂ ታተመ። ለአራሚውም አንድ ደረሰው። በማግሥቱ እሑድ ነበርና ይዞት ሄደ። እኅቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለች፤ ክብደቱን መዘነች፤ ሸተተችውም።

«የኛን አንብብልኝ።»

ገለጠና አነበበ፤ ልቃቂቱን፥ ጨለማውን፥ ክሩን። ግርጌው ላይ ሲደርስ «ምስክር፦ አንዲት ፈታይ» የሚለውን በዓይኑ አየ፤ በአፉ ግን «ምስክር፦ እኅቴ» አለ።

«ስድስት መቶው ላይ ሁሉ እንዲህ ነው?»

«ሁሉም ላይ።»

ፊቷ በራ፤ አራሚው ግን ወደ ግድግዳው ዞረ። «በል እንግዲያ እኔ ዘንድ ይደር» አለች። «እዚህ ታች ያለው ልብስ ሰፊ ፊደል ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ያንብብልኝ። ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ልስማው።»

አራሚው «ስጦታ መሆኑን ልጻፍበትና ልመለስ፤ ቀለም አልያዝኩም» ብሎ መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ወጣ። ቀለሙ በኪሱ ነበር። ነካሪዎቹ ሰንበት ስለሆነ ዘግተዋል፤ ከአንደኛው ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ምላጩን አወጣ። የማተሚያ ቀለም እንደ ብዕር ቀለም አይደለም፤ ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ቀስ ብሎ ፋቀ፤ እፍ አለ፤ ደግሞ ፋቀ። በመጨረሻ «አንዲት ፈታይ» ጠፋ፤ በቦታውም የማተሚያውን ፊደል አስመስሎ «እኅቴ» ብሎ ጻፈ። ዐየው። ያማረ ሥራ ነበር፤ ሹሙ ራሳቸው ቢያዩት አይለዩትም።

ተመልሶ መጽሐፉን ገልጦ ጭኗ ላይ አኖረላት።

«የትኛው ጋ ነው?» አለችው። ጣቷን ይዞ መስመሯ ላይ አሳረፈላት።

ጣቷ በመስመሯ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ፤ አንድ ቦታ ቆመ። አምሳ ዓመት ክር የለካ ጣት ነው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ወረቀቱን ከላይና ከታች ይዛ፥ ፈታይ የክርን ውፍረት እንደምትመረምር፥ ቀስ አድርጋ አሸችው።

«እዚህ ጋ ሳስቷል» አለች።

ከውጭ የቦዩ ውኃ ይሰማል። እኅቱ መጽሐፉን ዘጋች፤ ከቅርጫቱ ሥር፥ ከልቃቂቶቹ በታች አስቀመጠችው፤ እንዝርቷንም አነሣች።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽብዎ ይነሡ እንግዲህ» አለች። «ደኅና ይግቡ።»

ከዚያም በኋላ እሑድ እሑድ ሄዷል። በሩ ተዘግቶበት አያውቅም፤ ዱካውም ይቀርብለታል፤ ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ እርስዎ እንዳለችው ኖረች። ስለ መጽሐፉ ዳግመኛ አላነሣችም፤ ለልብስ ሰፊውም አላሳየችው።

የመዝገቡ ሁለተኛ ጥራዝ አልወጣም። ሹሙ ሞቱ፤ ጎተራውም ተመልሶ ጎተራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ «ክሉ» የሚለው ቃል ዘንድ ሲደርሱ ከዚያ ከመጀመሪያው ጥራዝ ቀድተዋል፤ ከነምስክሩ፥ «አንዲት ፈታይ» ብለው። ሹሙ ስለ ትጋታቸው በመቅድሙ ተመስግነዋል፤ አፈ ጮሌውም ቃሉን በማግኘቱ ተጠቅሷል፤ አራሚ ደግሞ ስሙ የማይጻፈው በሥራው ጠባይ ነው። ስድስት መቶው ቅጂ ሲታተም አንድ ዓይነት ተናግሯል፤ ከቅርጫቱ ሥር የነበረው አንዱ ብቻ ሌላ ቃል ይላል። እሷ ግን ፊደል አታውቅም ነበርና፥ ያን ቃል ያነበበ ሰው ቢኖር ራሱ የጻፈው ብቻ ነው።